መለወጥና መውረስ፤ የአምስት ጥንድ እንሽላሊቶች ታሪክ ምን ያስተምረናል?



ዝግመተ ለውጥን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ሚሊዮን ዓመታትን እንጠራለን። ዛሬ የምናገረው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለ ታየ ለውጥ ነው። ዓላማዬም አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፤ የአንድ እንስሳ አካል ተለውጦ ስናገኘው፣ ለውጡ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በአድሪያቲክ ባሕር፣ በዛሬዋ ክሮኤሺያ ጠረፍ፣ ፖድ ኮፒሽቴ እና ፖድ ምርቻሩ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ኤቪያታር ኔቮ የተባሉት እስራኤላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በእንሽላሊት ዝርያዎች መካከል ያለውን ፉክክር ለማጥናት፣ አምስት ጥንድ የጣሊያን ግድግዳ እንሽላሊቶችን ከፖድ ኮፒሽቴ ወስደው በፖድ ምርቻሩ ለቀቁ። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ወደ ስፍራው ተመለሰ። በፊት በደሴቱ ይኖር የነበረው ሌላ የእንሽላሊት ዝርያ ጠፍቷል፤ የእንግዶቹ ዘሮች ግን ደሴቱን ሞልተውታል። የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ምርመራም ከፖድ ኮፒሽቴ የመጡ መሆናቸውን አረጋገጠ።

አንቶኒ ሄረልና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በፖድ ኮፒሽቴ ዕፀዋት ከእንሽላሊቶቹ ምግብ በፀደይ 7 በመቶ፣ በበጋ 4 በመቶ ብቻ ናቸው። በፖድ ምርቻሩ ግን በፀደይ 34፣ በበጋ 61 በመቶ ይደርሳሉ። ቅጠል ለመቁረጥ ብርቱ ንክሻ ያስፈልጋል፤ የእነዚህ እንሽላሊቶች ራስም ተልቋል፣ ንክሻቸውም በርትቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በዕውር አንጀታቸው የተገኘው ቫልቭ መሰል እጥፋት ነው። እጥፋቱ የምግቡን ጉዞ ስለሚያዘገይ፣ በአንጀት የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት የዕፀዋትን አሰር ለመፍጨት ጊዜ ያገኛሉ። ይህን የመሰለ እጥፋት ያላቸው ከባለ ቅርፊት ተሳቢ እንስሳት ዝርያዎች ከ1 በመቶ ያነሱት ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ገበሬ እርፍ ሲጨብጥ ኖሮ እጁ ይሻክራል፤ ልጁ ግን ሻካራ እጅ ይዞ አይወለድም። የእንሽላሊቶቹስ አንጀት በቅጠል ብዛት የተለወጠ ይሆን? አጥኚዎቹ እጥፋቱን ገና በተፈለፈለ ጫጩት ላይ ጭምር አግኝተውታል። ይህ የአመጋገብ ውጤት ብቻ ነው የሚለውን ግምት ያዳክመዋል፤ ሆኖም አይዘጋውም። እናት የምትመገበው በእንቁላሉ በኩል በልጇ እድገት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላልና። አጥኚዎቹም የለውጡ የዘረመል መሠረት ገና መጠናት እንዳለበት ጽፈዋል።

መለያው መንገድ ግልጽ ነው፤ የሁለቱን ደሴቶች ጫጩቶች በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ዓይነት ምግብ፣ እስከ ሁለተኛው ትውልድ ማሳደግ። ልዩነቱ ከጸና በዘር የተወረሰ ነው፤ ከጠፋ ደግሞ የኑሮ ውጤት ነው። ሁለቱም መልሶች ለሳይንስ ይጠቅማሉ። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በመስክ ልዩነት ስታዩ በትክክል ለኩ፤ «ዝግመተ ለውጥ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ልጆቹን አሳድጋችሁ እዩ።