ከሩቅ ሆኖ ማስታመም
(በእሑድ ስብሰባ ለእህቶች የተሰጠ ትምህርት)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከብዙዎቻችን ልብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ደፍረን አናነሳውም። እናት ወይም አባት አገር ቤት በማይድን በሽታ ሲታመሙ፣ እኛ በሰው አገር በሰው ቤት ሆነን ምን ማድረግ እንችላለን?

የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቤተሰብ "እንዳትደነግጥ" ብሎ በሽታውን ከእኛ ይደብቃል። ሲብስ ግን በድንገት ይደወልና "ገንዘብ ካልላክሽ እናትሽ መሞቷ ነው" ይባላል። ልጅ የወራት ደመወዝ ትበደራለች፣ ቤተሰብም ከብት ይሸጣል። ገንዘቡ ያልቃል፤ እናትም ከቤቷ ርቃ፣ በሥቃይ ታርፋለች።

ገንዘብ መላክ ፍቅር ነው። ከመላኩ በፊት ግን በሽተኛዋን የሚያክመው ሐኪም ይጠየቅ፦ ይህ ሕክምና ያድናታል? ካላዳናት ምን ያህል ዕድሜ ይጨምርላታል? በምን ያህል ሥቃይ? እናንተ ራሳችሁ በስልክ ብትጠይቁ ይሻላል።

ሐኪሙ "የሚያድን ሕክምና የለም" ቢላችሁ "ምንም አይደረግላትም" ማለቱ አይደለም። ማስታገስ የሚባል ሕክምና አለ። ሆስፒስ የሚባለው እንክብካቤ ይኸው ነው። ሲሲሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ የሚሞት ሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ አስተምረዋል። የሐሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ሥቃይ አለ፤ ሁሉም መታየት አለበት።

በአገራችንም አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ በሽተኞች ቤት ይልካል። ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እህቶች ደግሞ አስታማሚ የሌላቸውን ድሆች ይቀበላሉ። ወላጆቻችሁ ያሉት ክፍለ ሀገር ከሆነ፣ በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል "የማስታገሻ ሕክምና ትሰጣላችሁ?" ብላችሁ አስጠይቁ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የት መሄድ እንደሚሻል ልትጠቁም ትችላለች።

ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. እናቴ ራሷ የት መሆን ትፈልጋለች? ቤቷ ወይስ ሆስፒታል?
2. ቀን ማን ያስታምማታል? ሌሊትስ? አንዲት እህት ብቻዋን ከሆነች ትደክማለች፤ ተራ ይውጣ።
3. ሕመሙ ሌሊት ቢጠናባት ለማን ይደወላል?
4. የሕመም ማስታገሻውን ማን ያዝዛል? ከየት ይገዛል?
5. ወጪው በወር ስንት ነው? ገንዘቡስ በማን እጅ ይገባል?

ስለ ሞርፊን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ቤተሰብ ስሙን ሲሰማ "ሱስ ያስይዛታል፣ ቶሎ ይገድላታል" ብሎ ይፈራል። ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ በሰዓቱ ከተሰጠ ሥቃይን ያስታግሳል እንጂ ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ከዚህ አገር ግን እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ገዝታችሁ በሰው ሻንጣ አትላኩ፤ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ ተሸካሚዋን ሊያሳስር ይችላል።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚረዳ ነገር አለ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። መገላበጥ የማትችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗ ካልተቀየረ ገላዋ ይቆስላል። ንጹሕ አንሶላ፣ ከንፈሯን የሚያርስ ውሃ፣ እጇን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል። መብላት ካቃታት አታስገድዷት፤ ሰውነቷ ስለደከመ እንጂ በረሃብ እየሞተች አይደለም።

ለበሽተኛዋም እውነቱ አይደበቅ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር አያስፈልግም፤ ስትጠይቅ ግን አትዋሿት። ዕዳዋን ልትናገር፣ ልትታረቅ፣ ልትባርካችሁ፣ ቄስ ወይም ሼህ ልታስጠራ ትፈልግ ይሆናል። ጊዜ ካልተሰጣት ይህ ሁሉ ይቀርባታል። ለቤተሰባችሁም ዛሬውኑ "ደግም ይሁን ክፉ አትደብቁኝ" ብላችሁ ንገሩ።

አሠሪዋ ለጉዞ ያልፈቀደችላት እህት "እናቴን ጥያት ሄድኩ" ብላ ራሷን አትኮንን። ስልኩ በእናቷ ጆሮ ሥር ይደረግላት፤ ትናገር። የደከመ ሰው መልስ ባይሰጥም ሊሰማ ይችላል። አስታማሚዋንም በስሟ ጠርታ ታመስግናት፤ የእሷን እጅ ተክታ የምትሠራው እርሷ ናትና።

እግዚአብሔር ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ለሚያስታምሙትም ብርታት ይስጥልን።