ውሃ በአንጀታችን ግድግዳ እንዴት ያልፋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንጀትና ስለ ተቅማጥ ለመናገር መነሣታችን ለአንዳንዶቻችሁ ነውር ሊመስል ይችላል። የምሳ ሰዓት መቃረቡንም አልዘነጋነውም። ነገር ግን ተቅማጥ ዛሬም በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በብዛት ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ ስለ ሆነ፤ የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ የሰውነትን ውሃና ጨው በማሟጠጥ ስለ ሆነ፤ ይሉኝታውን ትተን ነገሩን ለመናገር ደፍረናል።

አንድ ጤናማ ሰው በቀን ከሚጠጣውና ከሚበላው የሚያገኘው ውሃ 2 ሊትር ያህል ነው። ወደ አንጀቱ የሚወርደው ፈሳሽ ግን 9 ሊትር ያህል ይሆናል። የቀረው 7 ሊትር ከየት መጣ ቢሉ፤ ከራሱ ከሰውነቱ ነው። ምራቅ፤ የጨጓራ ፈሳሽ፤ ሐሞት፤ የቆሽት ፈሳሽ፤ አንጀቱም ራሱ የሚያመነጨው ሁሉ ምግቡን ለማላም ይፈስሳል። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አብዛኛውን ትንሹ አንጀት፤ የተረፈውን ትልቁ አንጀት ወደ ደም ይመልሰዋል። አንድ ጎልማሳ በሰውነቱ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነውና፤ አንጀታችን በየቀኑ ከደማችን ሁሉ የሚበልጥ ፈሳሽ ተቀብሎ ይመልሳል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የአንጀት ግድግዳ በሕዋሶች የተሸፈነ ሲሆን፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የለበሰው ስስ ሽፋን ቅባት ነው። ውሃና ቅባት እንደማይስማሙ ድስት ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ያን ያህል ውሃ በየት በኩል ያልፋል?

ለብዙ ዘመን ከሊቃውንት ብዙዎቹ ውሃው በቅባቱ መካከል ቀስ እያለ ይሰርጋል ይሉ ነበር። አንዳንዶቹ ግን የቀይ ደም ሕዋስ ውሃ የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ለክተው፤ የተለየ በር ሳይኖር አይቀርም ብለው ይከራከሩ ነበር። በሩን ያገኘው በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፒተር አግሬ ነው። የሚያስደንቀው እርሱ ይፈልግ የነበረው ሌላ ነገር፤ ይኸውም አር ኤች የሚባለው የደም ዓይነት ፕሮቲን መሆኑ ነው። በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ማንም ያላወቀው አንድ ትንሽ ፕሮቲን ደጋግሞ ብቅ አለበት። በ1992 እ.ኤ.አ. እርሱና ባልደረቦቹ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ትእዛዝ ወደ እንቁራሪት እንቁላል አስገቡና እንቁላሉን ጨው በጎደለው ውሃ ውስጥ ጣሉት። ትእዛዙ የገባበት እንቁላል ውሃውን ስቦ አብጦ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፈነዳ፤ ያልገባበት ግን እንዳለ ተቀመጠ። ፕሮቲኑም አኳፖሪን ተባለ። አንዱ ቦይ በሴኮንድ እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርስ የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል። አግሬም በ2003 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ከሁለቱ አንዱ ሆነ።

በሰው አካል 13 ዓይነት አኳፖሪኖች ታውቀዋል፤ በርከት ያሉትም በአንጀት ይገኛሉ። ከዚህ ተነሥቶ ነገሩ አለቀ የሚል ሰው ቢኖር ግን ቸኩሏል እንላለን። በር ቢከፈት የሚገፋ ከሌለ ማን ይገባል? አኳፖሪን በር እንጂ ፓምፕ አይደለም። ደግሞም በአንጀት ከሚገኙት አንዳንዶቹ፤ ለምሳሌ አራተኛው ወይም ስምንተኛው የጎደላቸው አይጦች ተመርምረው፤ አንጀታቸው ፈሳሽ በመምጠጥ በኩል የጎላ ጉድለት አልታየበትም። በኩላሊት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው አኳፖሪን የማይሠራለት ሰው ሽንቱ እጅግ እየበዛ በጥማት ይሠቃያል። በአንጀት ውሃው በእነዚህ በሮች ምን ያህል፤ በሕዋሶቹ መጋጠሚያ ስንጥቅ ምን ያህል እንደሚያልፍ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

የማይከራከሩበት ግን የሚስበው ምን እንደ ሆነ ነው፤ እርሱም ጨው ነው። ሥጋ ለቋንጣ ጨው ሲነሰነስበት ውሃውን እንደሚተፋ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ውሃ ጨው ወደ በዛበት ይሄዳልና። የአንጀት ሕዋስም ሶዲየምን ከአንጀት ተቀብሎ በጀርባው በኩል ወደ ደም ያወጣዋል፤ ውሃውም ይከተለዋል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮበርት ክሬን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፤ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ወደ ሕዋሱ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው ሲል አስረዳ። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይገባሉ ማለት ነው።

ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር እንዳይመስላችሁ። የኮሌራ መርዝ የአንጀትን ሕዋስ ጨውና ውሃ ያለ ማቋረጥ እንዲያፈስ ያስገድደዋል፤ ሕመምተኛው በአንድ ቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። መርዙ ግን ስኳርና ሶዲየም ተጣምረው የሚገቡበትን በር አይዘጋውም። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያጠጡት በሽተኛ የጠጣው አልፎ ሲፈስስ፤ በልክ ስኳርና ጨው ያለበትን የጠጣ ግን ውሃው ወደ ደሙ ይገባለታል። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ በሸሹት ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገባ፤ በቦንጋኦን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሆነ። ሐኪሙ ዲሊፕ መሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ በርሜል አስበጥብጦ ዘመዶቻቸው በኩባያ እንዲያጠጧቸው አደረገ። ቀድሞ 30 በመቶ ያህል የነበረው ሞት እርሱ ባከማቸው ዘንድ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። የሠራው ፓምፑም ቧንቧውም የሕመምተኛው የገዛ አንጀት ነበር።

በአገራችንም ኮሌራ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ከባሌ በኩል ተነሥቶ ወደ ብዙ ስፍራ ስለ ተዛመተ፤ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ልክ መሠረት ለአንድ ሊትር 13 ግራም ተኩል ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው፤ ደግሞም ፖታሲየምና ሲትሬት ያለባቸው ጨዎች አሉበት። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ ጨውን የሚያስገባው እርሱ ነው። ቢበዛ ግን እንደ ቋንጣው ጨው ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይጎትታልና፤ ለስላሳ መጠጥ ለተቅማጥ መድኃኒት አይሆንም።

ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ ስጡት ቢባል ‹‹ይብስበታል›› ብሎ የሚከለክል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ያየው እውነት ነው፤ ልጁ ሲጠጣ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የሚወጣው ቢጠጣም ባይጠጣም ስለ ሆነ፤ መከልከል የልጁን ደም ማድረቅ ብቻ ይሆናል። የሚጠባ ሕፃንም ጡት አይከልከል። ፓኬቱ ከሌለ ተፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያውን አፉ ድረስ ልክ አድርጎ እንጂ ሳይከምሩ፤ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ልጁ ከፈዘዘ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ይገባል።

በሳይንስ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ በዚሁ ልክ የተበጠበጠ አንድ ጠርሙስ አስቀምጠናል። ከስብሰባው በኋላ ወላጆች መጥታችሁ እንድትቀምሱልን እንለምናለን። ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠባችሁ ንገሩን፤ ደፍተን እንደ ገና እንበጠብጣለን።