ጦስኝ በቁስቋም ጓሮ
በቀድሞ ተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሙያሽ ውጭ ስለምትወጂው ነገር ትንሽ አጫውቺን» ሲለኝ ስለ ጦስኝ እናገራለሁ አልኩ። አንዱ የኮሚቴው አባል ሳቀና «ሽሮ ውስጥ የሚገባው?» አለኝ። አዎ፣ እሱው ነው። «ከሙያሽ ውጭ» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አላከበርኩም። ሐኪም ጓሮ ውስጥም ሆኖ ሐኪም ነውና መሐል ላይ የክትትል ክሊኒካችን ይገባበታል፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አብዛኞቻችን ጦስኝን የምናውቀው ደርቆ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ነው። ሲያብብ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከስንዝር ብዙም የማያልፍ፣ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ፣ ግርጌው እየጠነከረ እንጨት የሚሆን፣ ዓመት ከዓመት የሚኖር ተክል ነው። ቅጠሉ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። አበባው ሐምራዊ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ አንድ በአንድ ሲያዩት ኢምንት፣ ሰብሰብ ብሎ ሲታይ ግን ዓይን የሚይዝ ነው። ንቦች ይወዱታል። አበባው በፈካበት ሳምንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጠገቡ ብትቆሙ ከሽታው በፊት የንቡን ድምፅ ነው የምትሰሙት።

ጦስኝ የምንለው በሳይንስ ሁለት ዝርያ ነው፤ ታይመስ ሽምፐሪ እና ታይመስ ሴሩላተስ። ሁለተኛው ስሙ እንደሚነግረን የቅጠሉ ጠርዝ ትንንሽ ጥርስ አለው። የአገራችን የእጽዋት ተመራማሪዎች ሁለቱንም ከኢትዮጵያ ብርቅዬ ዕፅዋት ይመድቧቸዋል። ገበያ ላይ ፈረንጅ አገር ከሚሸጠው ጋር ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስም የተሰጠው ለጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሽምፐር መታሰቢያ ነው። ሽምፐር በፈረንጆቹ 1837 አገራችን ገብቶ በትግራይና በስሜን ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው።

ከእሱ በፊት የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ለኛ ሰፈር ይቀርባል። በ1770 ጎንደር ሲደርስ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ነበሩ፤ ፈንጣጣ ገብቶም ነበር። ብሩስ ሐኪም ሳይሆን እንደ ሐኪም ተቆጠረና የታመሙትን ልጆች እንዲያይ ተደረገ። በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጢሶ፣ በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጥቦ እንዳስታመመ ጽፏል። የሞቱም የዳኑም አሉ። ለተቅማጥ የሚሰጠው የኛ ዋጊኖስ ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩስያ አንቲዲሴንተሪካ ይባላል። መድኃኒቱን ለብሩስ ያሳዩት ያገሬው ሰዎች ስም ግን እንደሱ አይነሳም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ትንሽ ይቆረቁረኛል። በሉ ወደ ጦስኙ ልመለስ።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። ወገራን አልፋችሁ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ስትወጡ ከ3000 ሜትር በላይ በድንጋይ መሐል፣ ስስ አፈር ላይ ታገኙታላችሁ። ቁስቋም ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ይበቅላል። ሰዉ ጓሮው ውስጥ አልበቅል ሲለው «አየሩ አልተስማማውም» ይላል። እኔ እስካየሁት ድረስ በየጎረቤቱ ጦስኝ የሚገድለው አየር አይደለም፤ ደግነት ነው። ፍግ ይጨምሩለታል፣ ጥላ ሥር ይተክሉታል፣ ማታ ማታ ውኃ ያጠጡታል። እንደ ጎመን ይንከባከቡታል ማለት ነው። ጎመን አይደለም እኮ!

ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ውኃ የማይቋጥር መሬት ነው። የኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚያወርደውን ታውቁታላችሁ። ዋልካ አፈር ያለው ጓሮ በነዚያ ሁለት ወራት ጭቃ ሆኖ ይከርማል፤ የጦስኝ ሥር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ መሬቱን በድንጋይ ከበብ አድርጎ ከጉልበት ዝቅ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ደቃቅ ጠጠርና አሸዋ ነው የምሞላው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ፍግ አያስፈልገውም። አፈሩ ሲወፍርለት ቅጠሉ ይለመልማል፣ ሽታው ግን ይሳሳል፤ የሚፈለገው ደግሞ ሽታው ነው።

ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ በዘር ለማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ ቁራጭ ነው። ያልበሰለ፣ አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ ጫፉን አንድ ጣት ያህል ትቆርጣላችሁ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትተክላላችሁ። ጥላ ሥር መቆየት ያለበት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ሥር ይይዛል። ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ይበልጥ የሚቀለው ደግሞ መሬት ላይ የተነጠፈውን ቅርንጫፍ ወገቡ ላይ ትንሽ አፈር አልብሶ ጠጠር መጫን ነው። እናቱ ላይ እንዳለ ራሱ ሥር ያወጣል፤ ሲጠነክር ቆርጦ ማዛወር ነው። በመካከላቸው ከስንዝር በላይ ርቀት ስጧቸው፤ ነፋስ ይለፍባቸው።

ከተተከለ በኋላ ሥራው ጥቂት ነው። በበጋ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበቃል። ዋናው ጠላት ሰርዶ ነው። ሰርዶ አንዴ ከሥሩ ከተጠላለፈ ሁለቱን መለየት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለዚህ ገና ብቅ ሲል በእጅ መንቀል። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ አጥሩት፣ ያንን ጠጠር ስትጭር ደስታዋ ነው። አበባው ሲረግፍ ለስላሳውን ክፍል ሲሶ ያህል በመቀስ ታስተካክላላችሁ። ቅጠል የሌለበት እንጨቱ ድረስ ከወረዳችሁ ግን ዳግም አያቆጠቁጥም። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው መሐሉ ይራቆታል፤ ያኔ ከራሱ በተወሰደ ቁራጭ መተካት ነው።

የኔ መደብ ክረምቱ ሲወጣ ጀምሮ አብቦ እስከ ኅዳር ይሰነብታል። እንደምታውቁት ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው፤ ከመስከረም 26 የጀመረው የጽጌ ወቅት የሚያበቃበት። ጽጌ አበባ ማለት አይደል! ያን ቀን ሰፈራችን በእንግዳ ይሞላል። በአጥራችን በኩል የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው «ይቺ አበባ ምንድን ናት?» ይሉኛል። ቅጠሏን ቀንጥሰው በጣታቸው አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ ፊታቸው ይለወጣል። «ውይ፣ ጦስኝ!» ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲበሉት የኖሩትን ተክል በሕይወት ሲያዩት ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነው።

እንዲህ ያልተዋወቅነው ለምን ይመስላችኋል? ገበያ ሄዳችሁ ጦስኙን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ብዙ ጊዜ ሥሩ አለበት፤ አፈሩ ሳይራገፍ የሚመጣም አለ። በማጭድ ወይም በመቀስ የተቆረጠ ጦስኝ በዓመቱ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ የተነቀለ ግን አለቀለት፤ ያንን ባዶ ቦታ ከድንጋይ መሐል መልሶ ለመሸፈን ዓመታት ይፈጃል። ነቅለው የሚያመጡትን ሴቶች አልወቅስም። ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ ብርዱን ችለው፣ የደብተር መግዣ ነው የሚያገኙበት። ደግሞ የምንገዛው እኛ ነን። አንዷን ደንበኛዬን «እቴ፣ ያለ ሥር ቆርጠሽ ካመጣሽልኝ በዚያው ዋጋ እገዛሻለሁ» አልኳት። «ከነሥሩ ካልሆነ ከተሜው ትኩስ ነው ብሎ አያምነኝም እኮ» አለችኝ። ለካ ሥሩን የምታመጣው ለኛ ማረጋገጫ ነው! አሁን ቆርጣ ታመጣልኛለች፤ ለኔና ለሁለት ጎረቤቶቼ ብቻ ነው እንጂ።

ክሊኒኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የደም ግፊት ክትትል የምትሠሩ ሁሉ የምነግራችሁን ሰው ታውቋታላችሁ። ስልሳ ዓመት ያለፋት እናት ናት፤ ለብዙ ወራት ቀጠሮ ቀርታ በቃሬዛ መጣች። ቀኝ እጇ አይነሳም፣ ግፊቷ 210 በ120። ከቀናት በኋላ አፏ ሲፈታ «እማማ፣ ክኒኑን ለምን ተዉት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በክፋት አይደለም። ጦስኙ ይበቃሻል አሉኝ። እሱ ደግሞ ከደጅ የሚገኝ ነው፤ ክኒኑ ከፋርማሲ ሲጠፋ ግዙ ትሉናላችሁ» አሉኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን መጽሐፍ አላነበብኩም።

ጦስኝ ባዶ ቅጠል አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ጀርም ይገድላሉ። ታይሞል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የመንጠቆ ትል የሚታከምበት ዋና መድኃኒት ነበር። በአገራችንም የጦስኝ ጭማቂ የአይጦችን የደም ግፊት እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን አይጧ የተሰጣት ተጨምቆ፣ በክብደቷ ልክ ተመዝኖ ነው። እማማ ሲኒ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ይመዝናል? ዘይቱ ራሱ እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ታይሞል ይበዛል፣ ሌላው ጋ ካርቫክሮል። ፀሐይ ላይ የደረቀው ደግሞ ዘይቱ በኖበት ሽታውም ሳስቶ ይሆናል። እንዲህ ባለ ነገር አንጎልን ከስትሮክ አንጠብቅም።

እኔ ጦስኝ አልከለክልም። የከለከልን ቀን መጠጣቱን አይተዉም፤ ለኛ መንገሩን ነው የሚተዉት። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ቀጥሎ «ቤት ውስጥ ምን ይጠጣሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም እጽፋለሁ። ሻዩንም ቡናውንም በጨው የሚጠጣ አለና ጨውንም ጠይቁ። «ጦስኙን ለጉንፋኑ፣ ለወጡ፤ ክኒኑን ለግፊቱ» እላቸዋለሁ። ይቺ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ስትከፈት፣ ደምብያን የፈጀው ወባ ገና ከሰው ልብ ሳይወጣ፣ ተማሪዎቿን ወደ ገጠር የላከችው የሰዉን ቤትና ጓዳ እንዲያውቁ ነበር። እኛም ቢያንስ ሲኒውን እንወቅ።

በመጨረሻ፣ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ በችግኝ ላስቲክ ሥር የያዙ ችግኞች አስቀምጫለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ እባካችሁ ለምክትል ዲኑም ይትረፍ። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን የምትኖሩ ያለ ሐሳብ ውሰዱ። ከመተማና ከሁመራ የመጣችሁ ይቅርባችሁ፣ ሙቀቱ ይገድለዋል። ከውጭ የመጣችሁት በኤርፖርት አያሳልፏችሁም፤ ያንን የዘመዱን ልጅ እዚያው ግዙ፣ አተካከሉ ያው ነው። እስከ ነገ ላስቲኩን አትክፈቱት፣ መኪና ውስጥ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፣ ስትተክሉት አንዴ ብቻ አጠጡት። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል እርሱት።