አደይን ከመጭ በምን እንለያለን?

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የዱር አበባ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመስኩና በመንገዱ ዳር ይፈነዳል። አደይ አበባ ነው። «አደይን የማያውቅ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም አውቀዋለሁ እል ነበር።

ልጅ ሆኜ በመስቀል ሰሞን ከማሳ ዳር አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ ነቅዬ ለአያቴ ወሰድኩላቸው። አያቴ አበባውን አላዩም። ቅጠሉን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና ሳቁ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ መጭ ነው። እንኳንም ነቀልኸው!» አሉኝ።

አያቴ ለምን ቅጠሉን ዳበሱ? አበባው ስለሚያታልል ነው። አደይ፣ መጭና ኑግ ዘመዳሞች ናቸው። ሦስቱም ቢጫ ናቸው። ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ብትቆጥሩ፣ በሦስቱም ብዙውን ጊዜ 8 ታገኛላችሁ። ስለዚህ መቁጠር አይረዳም።

ወደ ቅጠሉ ውረዱ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የካሮትን ቅጠል ይመስላል። የመጭ ቅጠል ግን አልተሰነጠቀም። እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ግንዱን አቅፎ ይይዛል። ሲዳብሱት ይሻክራል። በቃ፣ አደይ በዚህ ይለያል።

ችግሩ ያለው በመጭና በኑግ መካከል ነው። የሁለቱም ቅጠል አልተሰነጠቀም። ብዙ የዕፀዋት አጥኚዎች ኑግ የተገኘው ከመጭ ነው ይላሉ። የጥንት ገበሬዎቻችን መርጠው መርጠው አለመዱት ማለት ነው። እናትየዋ ግን ዛሬ የልጇን ማሳ ትወርራለች! የመጭ ፍሬም እንደ ኑግ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ያንሳል። አጨዳ ሳይደርስ ይረግፍና በዓመቱ እንደገና ይበቅላል። የቀረው ከኑጉ ጋር ተቀላቅሎ አውድማ ይገባል። ስለዚህ ሳያፈራ መንቀል ይሻላል። ንብ ግን አትመርጥም፤ ከሦስቱም ትቀስማለች።

በነገራችን ላይ፣ የአደይን ወቅት ብዙዎቻችን ጸደይ እንለዋለን። በአበው አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ነው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው።

አሁን ወደ አደይ እንመለስ። አደይ በያመቱ የሚበቅለው ከዘር ነው። አንድ አበባ የምንለውም የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መኻሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖች ናቸው ፍሬ የሚሰጡት። ለበዓል ብለን የአንዱን መንገድ ዳር አደይ ሳያፈራ ከነሥሩ ብንጨርሰው፣ ለከርሞ የሚበቅል ዘር ከየት ይወድቃል? አያቴ አደይን ነቅለው አያውቁም። ዘንጉን በማጭድ ይቆርጡ ነበር። ከአንድ ቦታም ሁሉንም አይወስዱም።

እንግዲህ መስክ ስትወጡ ከሁለቱም አንድ አንድ ቅጠል ያዙ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ዳብሷቸው። እስከሚቀጥለው ጊዜ ደኅና ሰንብቱ።