ፎጣውን ገልጦ ማየት
(በቀድሞ ተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ በለን» ሲሉኝ ስለ ሕፃናት ቀዶ ጥገና ላወራ አስቤ ነበር። በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። የማወራው ከቀዶ ጥገናው በፊት ስለምትደረግ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ስለማትፈጅ ምርመራ ነው።

ኢንተርን ሳለሁ፣ አንድ ሥራ የበዛበት ሌሊት አዋላጇ አንድ ወንድ ልጅ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አልቅሷል፤ ቀለሙም ጥሩ ነው። ልቡን አዳመጥኩ። ፎጣውን ግን እስከ እምብርቱ ብቻ ነበር የገለጥኩት። ቻርቱ ላይ «ፊንጢጣ ክፍት ነው» ብዬ ፈረምኩ። ሳላይ!

በአራተኛው ቀን አያቱ ታቅፈውት መጡ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ አረንጓዴ ያስመልሰዋል። «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እስካሁን ካካ አላለም» አሉኝ። ስገልጠው ቀዳዳው ሊኖር በሚገባው ቦታ ቆዳ ብቻ ነው ያለው። ልጁ በብዙ መከራ ተረፈ። አያቱ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ የአፈጣጠር ችግር ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል። ብርቅ ስለሆነ እንረሳዋለን። አብዛኞቹ ጤነኛ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ያወጣሉ። ግን ካካ መውጣቱ ብቻ አያስተማምንም። ብዙ ሴት ሕፃናት ላይ አንጀቱ በብልት ደጃፍ፣ ከብልት ቀዳዳ ጀርባ፣ በጠባብ ፊስቱላ ይከፈታል። እናት ጨርቁ ላይ ካካ ስታይ «ደህና ናት» ትላለች፤ ልጅቷ ምግብ ስትጀምር ድርቀቱ ይመጣል። ወንዶቹ ላይ ደግሞ ካካው ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እግሩን ከፈት አድርገን ቀዳዳው አለ ወይ፣ በቦታው ነው ወይ፣ ስፋቱስ በቂ ነው ወይ ብለን እንይ።

ችግሩ ከተገኘ በአፍ ምንም አይሰጥ። ግሉኮስ ይሰቀልለት፤ በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይተንፍስ፤ እንዲሞቅም ይደረግ። ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ አከርካሪውና የምግብ ቧንቧውም ይታዩ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነሳ ራጅ ግን ያሳስታል፤ አየሩ ገና ታች አልደረሰም። ሕፃኑ ደህና ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየተከታተሉ መጠበቅ፣ ከዚያ በቀጥታ ይጠገን ወይስ ኮሎስቶሚ ይሠራለት ብሎ መወሰን ይሻላል። ሪፈሩ ግን በዚያው ቀን ይጀመር።

እነ አልቤርቶ ፔኛ በ1980 እ.ኤ.አ. ከኋላ በኩል የሚሠራውን ቀዶ ጥገና ካስተዋወቁ ወዲህ ማስተካከያው ብዙ ተሻሽሏል። ነገር ግን አንጀቱ ተበስቶ ለመጣ ሕፃን የጎበዝ እጅም ላይደርስለት ይችላል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው ማዋለጃ ክፍል በገባበት የመጀመሪያ ቀን ፎጣውን እስከ ታች እንዲገልጥ አስተምሩልን። ያላየውን እንዳይፈርምም ንገሩት። የኔን ታሪክ ስም ሳትደብቁ ብትነግሩት ቅር አይለኝም።