ስለ ዘር አጠባበቅ፤ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በፍላቂት የተነገረ ቃል



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ኢዮቤልዩ ትርጓሜ እንድናገር አዘዙኝ። እኔም ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጬ 25ኛውን ምዕራፍ ስመለከት አሳቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። በዚያ ሕግ ሰባተኛው ዓመት ሁሉ ለምድር ዕረፍት ነው። 49ኛው ዓመት ሰባተኛ ስለ ኾነ አይዘራበትም፤ 50ኛውም ኢዮቤልዩ ስለ ኾነ አይዘራበትም። እንኪያስ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሞፈር ያልተነሣበት አገር በሦስተኛው ዓመት ምን ይዘራል? መብሉን እግዚአብሔር በበረከቱ ይሰጣል፤ ዘሩን ግን ሳይነቅዝና ሳይበላ ጠብቆ የሚያቆየው ገበሬው ነው። ይህ የእኔ አሳብ ነው እንጂ የመምህሮቼ ትርጓሜ አይደለም፤ ስሕተት ቢገኝበት በእኔ ይቈጠር።

በመካከላችን ያሉት ሽማግሌዎች የ1977 ዓ.ምን ረኃብ አይረሱትም። እኔ በዚያ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። በቤታችን ከምድጃው በላይ፣ ጢስ በሚያገኘው ሥፍራ፣ አንድ ቅል ተሰቅሎ ነበር፤ በውስጡም የጠመዥ ገብስ ዘር ነበረበት። ጎተራው ካለቀ በኋላ እኛ ልጆች ቀንም ሌሊትም ዓይናችን ከቅሉ ላይ አይነቀልም ነበር። እናቴ ብዙ ቀን እንቢ አለች። በመጨረሻም ታናሽ ወንድሜ መቆም ባቃተው ቀን ቅሉን አውርዳ ግማሹን ቀቀለችው፤ ግማሹንም አፉን በጭቃ መርጋ መልሳ ሰቀለችው። በማግሥቱ ዓመት ዝናም ሲመጣ ያ ግማሽ ቅል ተዘራ፤ ከእርሱም ጎረቤቶች ተበደሩ። ዘሩን ጨርሶ የበላውን ሰው ግን አልወቅሰውም፤ የልጁን ለቅሶ የሰማው እርሱ ነውና።

እንዲህ ያለው ፈተና በሩቅ አገርም ኾኗል። ቫቪሎፍ የሚባል የሩስያ ሊቅ በ1919 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የገብስና የስንዴ ዘር ሰብስቦ ወስዶ ነበር። ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሌኒንግራድ ከተማ በጠላት በተከበበች ጊዜ፣ ያን የዘር መዝገብ ይጠብቁ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ በእህል መካከል ተቀምጠው በረኃብ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልነኩትም። ቫቪሎፍም ራሱ በ1935 ዓ.ም በእስር ቤት ሞተ። በእኛም አገር በ1968 ዓ.ም በአዲስ አበባ የዘር ማኖሪያ ተቋቁሟል፤ ለብዙ ዘመን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋራ ስለ መጠበቅ ደክመዋል። ነገር ግን የአዲስ አበባው ማኖሪያ ለመቄት ሴት ወይዘሮ ቅል ምትክ አይኾናትም። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት ወደዚህ አገር በደረሰ ጊዜ፣ ዘሩን በአንድ ሥፍራ ብቻ ያኖረ ሰው ምን እንዳገኘው እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን ስለ ትንሽ ነገር እናገራለሁ፤ እርሱም ቲማቲም ነው። ብዙ ሰዎች ይሥቁብኛል። ደቀ መዛሙርቴም ቲማቲምን ሰም አድርጋችሁ ቅኔ ቍጠሩ ብላቸው የግዕዙን ስም ፈልገው አጡና ሣቁ። በእውነትም እንግዳ ተክል ነው፤ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ ኤውሮፓም የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ውኃ ካገኘ በደኅና ይበቅላል። በፍላቂት ግን ውርጭ ያቃጥለዋልና እኔ ፀሐይ ከሚያርፍበት ከግድግዳዬ ሥር እተክለዋለሁ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ የታሸገ ዘር ገዛሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው ሁሉ አንድ መልክ ኾኖ አማረ። ከዚያው ዘር አውጥቼ በሁለተኛው ዓመት ብዘራ ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ፍሬው እንደ አተር ኾነ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ዘሩ ድቅል ነበረ። ድቅል ከሁለት ልዩ ልዩ ወገን ይወለዳልና ልጆቹ ወላጃቸውን መስለው አይወጡም፤ ስለዚህ የሚዘራው ሰው በየዓመቱ ገዢ ኾኖ ይቀራል። ይህን ነጋዴው አልነገረኝም። ድቅል ያልኾነው ግን አበባው ወንድና ሴት በአንድ ላይ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ያፈራል፤ ዘሩም እናቱን ይመስላል።

አወጣጡም እንዲህ ነው። በሽታ ካላገኘው፣ ደኅና ካፈራው እግር፣ በላዩ ላይ ፈጽሞ የበሰለውን ፍሬ ምረጡ፤ ከአንድ እግር ብቻ ሳይኾን ከብዙ ይሁን። ይህ ምርጫ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው ግን መልካሙን በልቶ ጭርንቁሱን ለዘር ይተወዋል። ዘሩን ከነልጋጉ በትንሽ ውኃ በሸክላ ዕቃ አኑሩት። ያ ልጋግ ዘሩን እንዳይበቅል የሚከለክል ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቦካ ይለቀዋል፤ በእኛ ብርድ አራት ቀን ይፈጅ ይኾናል። ሽታው ስለሚከፋ ከጓዳ ውጭ ይሁን፤ ባለቤቴ ይህን በቍጣ አስተምራኛለች። ከዚያ በላይ ቢቈይ ዘሩ በውኃው ውስጥ ማጐንቈል ይጀምራልና ተጠንቀቁ። ሲታጠብ መልካሙ ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ባዶው ይንሳፈፋል። የዘቀጠውን በሰሐን ላይ በትናችሁ በጥላ አድርቁት፤ በወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ተጣብቆ እንቢ ይላል። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ እርጥበትና ሙቀት በሌለበት አኑሩት። እንዲህ የተጠበቀ ዘር አራት ዓመት ያህል ይበቅላል።

የደብሩን አስተዳዳሪ ለምኜ ከዕቃ ቤቱ አንድ ደረቅ ጥግ ተፈቅዶልኛል። ጠመዥም፣ ማውጌም፣ ሰነፍ ቆሎም፣ ባቄላም ያለው ሰው አንድ አንድ ቅል ያምጣ፤ ግማሹን ግን በቤቱ ያስቀር። እኔ ያደረቅሁት የቲማቲም ዘርም በዚህ አለ፤ የሚሻ ሰው ዛሬ ከጸበል ጻድቁ በኋላ ይውሰድ። ዋጋ የለውም፤ ሲያፈራለት ግን የወሰደውን ያህል ዘር ይመልስልኝ።