ከማሽኑ የማይወጣ መልእክት

ሰቆጣ ላይ ኔትወርክ ጠፋ እንበል። ላፕቶፑ ላይ ድረ ገጽ የሚሠራ የዋግ ኽምራ ተማሪ ግን ሥራውን መሞከር አያቆምም። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሽቦም አንቴናም የሌለው፣ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ የኔትወርክ በር አለ፤ ሉፕባክ ይባላል። አድራሻው 127.0.0.1 ነው። ወደዚያ የተላከ መልእክት እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ማሚቶ እንኳ ገደሉ ድረስ ይሄዳል፤ ይሄኛው ከማሽኑ ደጃፍ አይወጣም፤ ስርዓተ ክወናው ተቀብሎ እዚያው ላለው ፕሮግራም ያስረክበዋል።

በ127 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ለዚህ ብቻ መያዛቸው እስካሁን ይገርመኛል። በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ በአይፒ ስሪት 6፣ ግን አንድ አድራሻ በቅቷል።

ኢንተርኔት እምቢ ሲላችሁ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ 127.0.0.1ን ጥሩት። ከመለሰ የማሽናችሁ የኔትወርክ ሶፍትዌር እየሠራ ነው፤ ቀጥሎ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ፈትሹ።